ልምድ የጠየቀ የሚገኝበትንም ያሳይ

ለሲዳማ ክልል ፍትሕ ቢሮ
በሐዋሳ ከተማ ቢሮ ከፍተው ለሚሠሩ ጠበቆች
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የሕግ ምሩቃን በጥብቅና ቢሮ ስለሚለማመዱበት መንገድ

ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም በአንድነት የምጽፈው ጉዳዩ በመካከላችሁ ወድቆ ባለቤት ስላጣ ነው። ጠበቃ ለመሆን ልምድ ይጠየቃል፤ ፈቃድ ሰጪውም መሥሪያ ቤት የልምዱን ማስረጃ ሳያይ አመልካቹን አያስተናግድም። ልምዱ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በዚህች ከተማ ደግሞ ከዓመት ዓመት ዋነኛው እየሆነ የመጣው፣ የጠበቃ ቢሮ ነው። ቢሮው የግል ስለሆነ ጠበቃው የፈለገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን ይመልሳል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ሲታይ ነውር የለበትም። ሲገጣጠሙ ግን አንድ የሕግ ምሩቅ ወደ ሙያው ይግባ ወይም ይቅር የሚለውን የሚወስነው ማንም ያልሾመው ሰው ይሆናል፤ ውሳኔው በጽሑፍ አይሰጥም፣ ይግባኝም አይባልበትም። ክርክሬ አጭር ነው። ልምድን ግዴታ ያደረገ አካል ልምዱ የሚገኝበት በር ክፍት መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት፤ በሩን በእጁ የያዘው ባለሙያም የግል ደጁን ብቻ እንደሚጠብቅ ሰው ሊያስብ አይገባውም። ይህ ለማንኛውም አመልካች እውነት ቢሆንም፣ አንዴም ሁለቴም ሞክሮ ላልተሳካለት አመልካች ይበልጥ እውነት ነው፤ በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ ውጭ የሚቀረው እሱ ነውና።

ልምድ መጠየቁን አልቃወምም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ፈቃድ አሰጣጥ አዋጅ ቁጥር 199 የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመቆም የሁለት ዓመት፣ በየደረጃው ባሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሁሉ ለመቆም የአምስት ዓመት ልምድ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ሲተካም ዲግሪ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም የሚለው ሐሳብ አልተነካም። ደግሞም ትክክል ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው፤ ቀኑን አሳስቶ የቆጠረ ጠበቃ ሌላ መዝገብ ይይዛል፣ ቤቱን ወይም መሬቱን የሚያጣው ግን ባለጉዳዩ ነው። የዳኝነት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ፣ መጥሪያ አልቀበልም ያለ ተከሳሽ ጉዳይ እንዴት እንደሚቀጥል፣ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የሚደብቅ ደንበኛ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ምን ተብሎ ምን እንደሚገኝ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ አያውቀውም፤ ቢነገረውም አይይዘውም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን ተረድተው በሥርዓተ ትምህርታቸው የተግባር ልምምድ አስገብተዋል፤ እሱም ቢሆን ከብዙ ትምህርቶች መካከል አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጉ ልምድ ጠየቀ ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው ጠይቆ ዝም በማለቱ ነው።

ዝምታው ድሮ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ልምድ በመንግሥት በኩል ይገኝ ነበርና። ምሩቁ ረዳት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኖ ይቀጠራል፤ ጥቂት ዓመታት አገልግሎ ፈቃዱን ያወጣል። ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ነበረች። የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቢሮዎቹና የየቢሮዎቹ የሕግ ክፍሎች እዚሁ ነበሩ፤ ከጂንካም ሆነ ከሆሳዕና ይግባኝ ይዞ የሚመጣው ባለጉዳይ አልጋ የሚይዘውም ጠበቃ የሚያፈላልገውም እዚሁ ነበር። ይህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጠ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተሰጠው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ሲዳማ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክልል ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። መሥሪያ ቤቶቹም ወደ ቦንጋ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና ሄዱ። ይህን የምጽፈው ለመቆጨት አይደለም። ሕዝብ የወሰነው ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት ለባለጉዳዩ ደጅ መቅረቡም መልካም ነው። ለሐዋሳው ምሩቅ ግን የሚቀጠርበት ጠረጴዛ ቀነሰ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ወቅት የሠራተኛ ሕግና የውል ሥራ ይዞ እንደሚመጣ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ዋናው ባለሀብት ፒቪኤች መውጣቱን አስታወቀ፣ ከዚያ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ሰረዘች፤ ተስፋውም ቀዘቀዘ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ግን ማስመረቁን አላቆመም። ሰልፉ ከመንግሥት በር ወደ ጠበቃ ቢሮ የዞረው እንዲህ ነው።

የጠበቃ ቢሮ ደግሞ ለዚህ ሰልፍ አልተዘጋጀም። ጠበቆች ተሰባስበው ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ሆነው በድርጅት እንዲሠሩ መንገዱ የተከፈተው በ1249 አዋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠበቃ በስሙና በፈቃዱ ለብቻው የሚሠራ ነበር። በከተማችን ዛሬም አብዛኛው ቢሮ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊና ለደንበኛ የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች ናቸው። ተለማማጅ የሚገባው በማስታወቂያ ሳይሆን በሰው ነው፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት እህት፣ ማኅበር አብሮ የሚጠጣ ወዳጅ አደራ። በዚህ አሠራር ውስጥ ክፋት ፈልጌ አላገኘሁም። ሰው የሚያውቀውን ያምናል። ይሁን እንጂ ውጤቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ከጭሪ ወይም ከአለታ ወንዶ መጥቶ በራሱ ትግል ሕግ የጨረሰ፣ በሐዋሳ ውስጥ ጠበቃ የሆነ አንድም ዘመድ የሌለው ምሩቅ «ቦታ የለም» የሚለውን መልስ የሚሰማው ቦታ ስለሌለ ይሁን የሚያስተዋውቀው ስላጣ ሊያውቅ አይችልም። ምክንያቱን ካላወቀ ምን ማሻሻል እንዳለበትም አያውቅም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ማመልከቻ ይዞ ያንኑ ደረጃ ይወጣል።

እዚህ ላይ ወድቀው ስለተነሱት ልናገር። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መውሰድ የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ትምህርት ግዴታ ከመሆኑ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ያላለፈ፣ ደግሞ ተፈትኖ ያለፈ ሰው በዚህ ሙያ አዲስ አይደለም። ሌላው ለዳኝነት ወይም ለዐቃቤ ሕግነት ተወዳድሮ ቀርቷል። ሌላው ሥራ አጥቶ ሱቅ ጠብቋል፣ ባጃጅ ነድቷል፣ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ ሰፍቷል። እነዚህ ሰዎች ወደ ጠበቃ ቢሮ ሲመጡ የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ በስንተኛው አለፍክ? እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ጥያቄው ተፈጥሯዊ ነው፤ ከመልሱ የሚወሰደው መደምደሚያ ግን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አይመጥንም። ፈተናውን ደግሞ የመውሰድ ዕድል የሰጠው ሕጋዊ አካል በሁለተኛው ያለፈውን በመጀመሪያው ካለፈው ጋር እኩል ብቁ ነው ብሎ አስመርቆታል፤ ጠበቃው በየትኛው ሥልጣኑ ልዩነት ይፈጥራል? የወንጀል ሕጋችን እንኳ ቅጣቱን ጨርሶ በጸባይ ለኖረ ሰው የተገፈፈው መብት የሚመለስበት መንገድ አስቀምጧል። በፈተና መውደቅ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

በተቃራኒው ጽንፍ ያለውንም አነጋገር አልቀበለውም። መውደቅ ማዕረግ አይደለም፤ ብዙ የተንከራተተ ሁሉ ጎበዝ ጠበቃ ይሆናል የሚለው የስብከት ወሬ ነው። ክስና መልስ መለየት ያልቻለ ሰው ስንት ጊዜ ቢያመለክት ሊመለስ ይገባዋል፤ ደንበኛ መማሪያ አይደለምና። የምለው ያለፈው ውጤት ሳይሆን የዛሬው ችሎታ ይመዘን ነው። መመዘኛው ደግሞ ከባድ አይደለም። አንድ ምናባዊ ጉዳይ ይሰጥ፣ አመልካቹ በሦስት ሰዓት ውስጥ የመከላከያ መልስ ይጻፍ፣ ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይኑር። ከዚህ ወረቀት ላይ አንድ ጠበቃ በሩብ ሰዓት የሚያየውን፣ በአማላጅ ስልክ አንድ ወር ቢጠይቅ አያገኘውም። አመልካቾችም ልብ ሊሉ ይገባል፦ ከኢንተርኔት የተቀዳ፣ በታታሪነትና በቡድን ሥራ ፍቅር የታጨቀ የሥራ ልምድ ገለጻ ከመያዝ አንድ ንጹሕ የይግባኝ ቅሬታ ጽፎ መሄድ ይሻላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እንደሚሆን የምገምተው «ቢሮዬ ንብረቴ ነው» የሚለው ነው። ጸሐፊ ወይም ተላላኪ ለመቅጠር ከሆነ እስማማለሁ። የልምምድ ቦታ ግን ከዚያ ይለያል፤ መንግሥት ፈቃድ ለመስጠት የሚጠይቀው ነገር በዚያ ወንበር ላይ ስለሚመረት። ጠበቃ በሚጽፈው የልምድ ደብዳቤ ላይ የሚያርፈው ማኅተም በሌላ ሰው የሕገ መንግሥት መብት ላይ ውጤት አለው፤ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደግሞም ጥብቅና ራሱ ተራ ንግድ አይደለም። ማንም ገንዘብ ስላለው ብቻ ሊከፍተው አይችልም፤ ውድድሩ በፈቃድ የተገደበ ነው። ከገደቡ የሚጠቀም ሰው የገደቡን ሸክም ጥቂት ቢካፈል የተበደለ አይመስለኝም። ይህ ሐሳብ ለሙያው እንግዳም አይደለም፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለተቸገሩት በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። ሙያው ለሕዝብ ዕዳ እንዳለበት ያኔውኑ ተቀብለነዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የምስጢር ነው፤ «የማላውቀውን ሰው የደንበኛዬን ፋይል እንዴት አስነካዋለሁ?» ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። መልሱ ግን ወደ ጠያቂው የሚመለስ ይመስለኛል። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ተለማማጁ ሲገባ ይህን አንብቦ ይፈርማል። ዝምድና በአንጻሩ የምስጢር ጠባቂነት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ፣ ለቅሶውም ሠርጉም አንድ ሕዝብ በሚያገናኝበት፣ የአደጋው ምንጭ ዘመድ ነው። የፍቺና የውርስ መዝገብ የያዘ ጠበቃ የባለጉዳዮቹ የአክስት ልጅ ቢሮው ውስጥ ከሚቀመጥ ይልቅ ከሩቅ የመጣ፣ በከተማው ማንንም የማያውቅ ወጣት ቢቀመጥ ይመርጥ ነበር፤ ቢያስብበት። የጥቅም ግጭት የሚባለውን በሥነ ምግባር ትምህርት ላይ የምናስተምረውን ነገር በቅጥር ጊዜ የምንረሳው ለምንድን ነው?

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጠበቆቹ እውነት አላቸው። የቢሮ ኪራይ ንሯል፣ ደንበኛው ቀንሷል፣ ክፍያውም ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። ብዙዎቹ የሚሰጡት መፍትሔ ያለ ክፍያ ማለማመድ ነው፤ ለጋስ ይመስላል፣ ግን ለባለ ሀብት ልጅ ብቻ የሚሆን ልግስና ነው። ለቤት ኪራይና ለምሳ ከሌላ የሚሰጠው የሌለ ሰው አንድ ዓመት በነጻ ሊሠራ አይችልም። በእንግሊዝ የባሪስተሮች (በችሎት የሚከራከሩ ጠበቆች) ማኅበር ይህንኑ አይቶ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ ማለማመድን ከለከለና በዓመት ቢያንስ 10,000 ፓውንድ እንዲከፈል አደረገ። በጀርመን ደግሞ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ምሩቁ ሁለት ዓመት ያህል በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ፣ በአስተዳደር መሥሪያ ቤትና በጠበቃ ዘንድ እየተዘዋወረ ሲሠራ ይከፈለዋል። የእኛ አቅም ጀርመን አይደለም። ነገር ግን በአንድ ሕንጻ ላይ ያሉ ሦስት ወይም አራት ጠበቆች አንድ ተለማማጅ በጋራ ቢይዙ፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚሆነውን ቢከፋፈሉ፣ እያንዳንዳቸው የሚያወጡት ለአንድ ፋይል ፎቶ ኮፒ ከሚያወጡት ብዙ የሚርቅ አይሆንም። ተለማማጁም የሚያተርፈው አለ፤ አንዱ በወንጀል፣ ሌላው በቤተሰብ፣ ሌላው በንግድ ጉዳይ የበረታ ስለሆነ አንድ ቢሮ የማይሰጠውን ያገኛል።

«ተለማማጅ ጊዜ ይበላል እንጂ አይረዳም» የሚለውም ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የዚህችን ከተማ የችሎት ቋንቋ ሁኔታ ማሰብ ይጠቅማል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ የፌዴራል ጉዳይ ደግሞ በአማርኛ ይሄዳል፤ የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ትርጉሞችም የሚነበቡት በአማርኛ ነው። አንጋፋው ጠበቃ ዕድሜውን በአማርኛ ሲከራከር የኖረ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቋንቋ አቤቱታ የሚያረቅቅ፣ ከሁላ ወይም ከበንሳ የመጣችውን ባለጉዳይ ያለ አስተርጓሚ የሚያዳምጥ ወጣት ለእንዲህ ያለ ቢሮ ሸክም አይደለም። ያ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ሲሰፋ የነበረው ምሩቅም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ክስ ሲመጣ የፈረቃ መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ ከማንም በተሻለ ያውቃል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ምሩቁ በዛ፣ ለሁሉ አይደርስም» ነው። አይደርስም፤ እኔም ለሁሉ ይድረስ አላልኩም። ግን በዝቷል የሚለው ቃል ፍርድ ቤቶቻችን በር ላይ ካለው ነገር ጋር አብሮ መታየት አለበት፤ ራፖር ጸሐፊው ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ ለችግረኛው አቤቱታ ይጽፋል፣ ስህተቱም በችሎት ውስጥ በባለጉዳዩ ላይ ይደርሳል። የበዛው የሕግ ባለሙያ ሳይሆን ወደ ድሃው የማይደርስ የሕግ ባለሙያ ነው። የዩኒቨርሲቲው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላሉ፤ እዚያ በጠበቃ ወይም በመምህር ክትትል የተሠራ ሥራም እንደ ልምድ የማይቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም። እንግሊዝ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሶሊሲተሮች (ለሌላው ዓይነት ጠበቆቿ) ያደረገችው ይህንኑ ነው፦ የሁለት ዓመቱን የሥራ ልምድ ከአንድ ድርጅት ማግኘት ግዴታ መሆኑ ቀርቶ እስከ አራት ቦታ ማጠራቀም ተፈቀደ፤ የሕግ ድጋፍ ክሊኒክም ከሚቆጠሩት አንዱ ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ18 ወሩ የጠበቆች ሥልጠና ውስጥ የስድስት ወር የቢሮ ልምምድ አካትታለች። በሁለቱም አገር ችግሩ ተፈታ አልልም። ግን ልምድ የጠየቀው አካል የት እንደሚገኝ ተናግሯል።

ስለዚህ ከፍትሕ ቢሮው የምጠይቀው በጽሑፍ የወጣ አንድ መመሪያ ነው። በጠበቃ ቢሮና በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የተሠራ የትኛው ሥራ፣ በማን ክትትል፣ ስንት ወር ሲሆን እንደ ልምድ እንደሚያዝ ይግለጽ፤ ተለማማጅ የሚቀበሉ ቢሮዎች ዝርዝር በፍርድ ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ያልተቀበለ ቢሮ ለአመልካቹ አንድ መስመርም ቢሆን ምክንያት ይጻፍለት፤ የተመለሰ አመልካች በቀጣዩ ዙር በአዲስ ቁጥር፣ ያለፈው ሳይነሳበት ይፈተን። ከጠበቆች የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በዓመት አንድ ወንበር፣ ለአራት ቢሮ አንድም ቢሆን፣ ለማያውቁት ሰው ክፍት ያድርጉ። ጊዜውም አስቸጋሪ አይደለም። ምሩቃን በሰኔና በሐምሌ ይወጣሉ፤ ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ ጠበቆች ከወትሮው ፋታ ያገኛሉ። ማስታወቂያው በነሐሴ ወጥቶ ፈተናው በመስከረም ቢሰጥ፣ ችሎቶች በጥቅምት ወደ ሙሉ ሥራቸው ሲመለሱ የመጀመሪያዎቹ ተለማማጆች ከመዝገብ ቤቱ ሥራ ጀምረው ሊቆዩ ይችላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሲዳማ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት
ሐዋሳ